አንድ የውሃ ናሙና፣ ብዙ መልስ

(በኦሎምፒያ በተካሄደው የምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከመስቀል አደባባይ እዚህ ኦሎምፒያ ለመድረስ ዛሬ የፈጀብኝን ጊዜ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በእግር ብመጣ ይሻል ነበር። ለማንኛውም ደርሻለሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በውሃ ውስጥ የሟሙ የሜታል ኮምፕሌክሶችን ለማጥናት የሚያገለግሉ የምርመራ ዘዴዎች ንጽጽር» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ርዕሱን ሳየው ደነገጥኩ። ከምሳ በኋላ ነው፤ አዳራሹ ይሞቃል፤ ከመካከላችሁ ግማሹ ኬሚስትሪን ከፈተና ማግስት ጀምሮ በሰላም የተሰናበታችሁ ናችሁ። ስለዚህ ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ከማስተኛችሁ፣ ሕይወቴን ሙሉ ስላልለቀቀኝ አንድ የውሃ ናሙና ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ንጽጽሩ እዚያው ውስጥ አለ።

እስቲ በየጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አንሱና ጀርባውን አንብቡ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም እያለ ይወርዳል። ፍሎራይድ የሚል መስመር ያለው ካለ ቁጥሩን ተመልከቱ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ የትኛው ፍሎራይድ ነው? በውሃው ውስጥ ብቻውን ስለሚንሳፈፈው ነው? ወይስ ሌላ ነገር ላይ ተጣብቆ ያለውንም ይጨምራል? ለታሸገ ውሃ ልዩነቱ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው ግን የጥርስና የአጥንት ጉዳይ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስታውስ። የስምጥ ሸለቋችን አለት እሳተ ገሞራ የወለደው ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ካልሲየም ያንሰዋል። ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። ካልሲየም ስለሌለ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሻላ ሐይቅን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ያለው መጠን በሊትር ከመቶ ሚሊግራም በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ሻላን ማንም አይጠጣውም፤ ጉዳዩ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ ዙሪያ ባሉት ጉድጓዶች ነው። አምስት፣ ስምንት፣ አሥር የሚሉ ቁጥሮች እዚያ ብርቅ አይደሉም።

የወንጂን ነገር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. እዚያ የሸንኮራ እርሻ ከፍቶ ፋብሪካው በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ሠራተኛ መጥቶ ሰፈረ። ለሠራተኛው የተቆፈረው ጉድጓድ ጥርት ያለ ውሃ ይሰጥ ነበር። ደለል የለው፣ ሽታ የለው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የሠራተኞቹ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የጠጡት አባቶች ደግሞ ጀርባቸው ይጎብጥ፣ አንገታቸው አልዞር ይል ጀመር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በስምጥ ሸለቆ ስላለው ፍሎሮሲስ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ በኋላም ሕመሙ ኅብለ ሰረሰርን ተጭኖ ሰውን እስከ ሽባነት እንደሚያደርስ ያሳዩበት ሥራ፣ ዛሬም ድረስ በዓለም ይጠቀሳል። በወንጂ ውሃውን በአሉሚና እያሳለፉ የማጣራት ሥራ ለብዙ ዓመት ተሠርቷል።

አሁን ወደ ናሙናዬ ልግባ።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። እኔ ከአራት ኪሎ ወጥቼ አንድ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የላቦራቶሪውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለምና። በስምጥ ሸለቆ ባለች አንዲት መንደር ውስጥ ትንሽ የማጣሪያ ተቋም ተሠርቶ ነበር። የሚሠራበት ዘዴ ናልጎንዳ ይባላል። ስሙን ያገኘው በደቡብ ሕንድ ካለ አንድ ወረዳ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ አሉሚኒየም ሰልፌት፣ እኛ አሉም የምንለው፣ እና ጥቂት ኖራ ትጨምራለህ፤ ታማስላለህ፤ ነጭ ድፍድፍ ይሆናል፤ ያ ድፍድፍ ፍሎራይዱን ይዞ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራውን ትቀዳለህ። አሉሙ አገር ውስጥ አዋሽ መልካሳ ይመረታል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ለመንደር ከዚህ የሚሻል ምን አለ?

የጉድጓዱ ውሃ ሰባት ተኩል ያህል ፍሎራይድ ነበረው። ከተጣራ በኋላ ናሙናው ወደ እኔ መጣ። በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ለካሁት። 1.4 አነበበ። ደገምኩት፤ 1.4። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ናሙና መጣ፤ 1.4። ከ1.5 በታች ነው! ሪፖርቱን ፈርሜ ላክሁ። መንደሯ ውስጥ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩት እማማ፣ ስማቸው ይቅር፣ ቁጥሩን በጠመኔ በማጣሪያው በር ላይ አስጻፉት። «1.4»። ለምርቃት በሄድንበት ቀን አንድ ብርጭቆ ቀድተው አጠጡኝ። «ልጄ፣ ያንተ ቁጥር ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ስለ ኤሌክትሮዱ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በጣም እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። ፍራንትና ሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1966 እ.ኤ.አ. የሠሩት ነው። ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል አለ። ያ ክሪስታል የሚያሳልፈው ፍሎራይድን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፍሎራይዱ አሥር እጥፍ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ በሃምሳ ዘጠኝ ሚሊቮልት ይወርዳል። የእኔ ኤሌክትሮድ ሃምሳ ስምንት ይሰጠኝ ነበር፤ መስመሩ በወረቀት ላይ ሲወጣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ ያለ መስመር ያየ ወጣት ኬሚስት ራሱን አይጠራጠርም። እኔም አልተጠራጠርኩም።

ነገሩ የተገለጠው በምሳ ሰዓት ነው። ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ረዳት ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። እሳቸው ኤሌክትሮዱን አያምኑትም። ስፓድንስ በሚባለው በቀለሙ ዘዴ ነበር የሚሠሩት። ስፓድንስ ማለት ከዚርኮኒየም ጋር ተጣምሮ ደማቅ ቀይ የሚሆን ማቅለሚያ ነው። ፍሎራይድ ሲመጣ ዚርኮኒየሙን ይነጥቀዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘውን ያህል ፍሎራይድ አለ ማለት ነው። አያችሁ፣ እዚህ ላይም የሚሠራው የሜታል ኮምፕሌክስ ነው። አንዱ ኮምፕሌክስ ይፈርሳል፣ ሌላው ይሠራል።

ጋሼ የመንደሯን ናሙና በስፓድንስ ለክተው 1.3 አገኙ። ጠዋት ነው። ምሳ ሄዱ። ሲመለሱ የረሱትን ቱቦ አንስተው ለጨዋታ ያህል እንደገና አነበቡት። 1.8 ሆኗል። «ና እስቲ እይ» አሉኝ። «ይሄ ውሃ ምሳ ሲበላ ወፈረ።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የመመሳከሪያው ናሙና እኮ አልተለወጠም። በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማቅለሚያ የተሠራው ንጹሑ ስታንዳርድ ጠዋት ያነበበውን ነው ከሰዓት የሚያነበው። የወፈረው የመንደሯ ውሃ ብቻ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ፍሎራይዱን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ነገር አለ ማለት ነው። ማን እንደሆነ ለመገመት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይበቃል። አሉሙን ያስገባነው እኛው ነን።

አሉሚኒየምና ፍሎራይድ አንዳቸው ሌላቸውን ካገኙ አይላቀቁም። ብሮሴትና ኦሪንግ የተባሉ ስዊድናውያን በ1943 እ.ኤ.አ. የለኩት ቁጥር አለ። አንድ አሉሚኒየም አንድ ፍሎራይድ ሲይዝ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እስከ ስድስት። የመጀመሪያው ትስስር ሎጋሪዝሙ 6.1፣ ሁለተኛው 5.0፣ ሦስተኛው 3.9 ገደማ ነው። እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ ድንገት አይቆምም። ስለዚህ በውሃው ውስጥ አንድ ዓይነት ኮምፕሌክስ አይደለም ያለው፤ አንድ የያዘ፣ ሁለት የያዘ፣ ሦስት የያዘ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ በአንድነት ይኖራል። ሁሉም የሟሙ ናቸው፤ አይዘቅጡም፤ በማጣሪያ አይያዙም። እና ቀለም የላቸውም።

ቀለም የላቸውም ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእኛ ጋር የተማራችሁ የጆብን ዘዴ ታስታውሳላችሁ? አራት ኪሎ፣ የሦስተኛ ዓመት ላብ፣ ያ አረንጓዴው ስፔክትሮኒክ 20። ብረቱንና ሳሊሲሊክ አሲዱን በአሥራ አንድ ቱቦ በተለያየ መጠን እንቀላቅላለን፤ ሐምራዊውን ቀለም እናነባለን፤ ከርቩ የሚታጠፍበትን ፈልገን «አንድ ለአንድ ነው» ብለን እንጽፋለን። ሁላችንም አንድ ለአንድ እንደሚሆን ቀድመን ስለምናውቅ ያልታጠፈውን ነጥብ ትንሽ እንገፋው ነበር። መምህራን ይቅርታ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የምናዘዘው። ያ ዘዴ የሚያምረው አንድ ኮምፕሌክስ ብቻ ገኖ ሲወጣና ቀለም ሲኖረው ነው። አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ሁለቱንም አይሰጡህም። ስፔክትሮኒኩ ያያቸው ዘንድ ሌላ ሜታልና ሌላ ቀለም አምጥተህ ማሻማት አለብህ፤ ጋሼ በስፓድንስ ያደረጉት ያንን ነው። የማሻማቱ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ወዲያው ካነበብከው አሉሚኒየሙ ገና ፍሎራይዱን አልለቀቀም፤ ያሳንስብሃል። ሁለት ሰዓት ቢቆይ አብዛኛው ይለቀቃል። የዘዴው መመሪያ መጽሐፍ ላይ እኮ ይሄ በግርጌ ማስታወሻ ተጽፏል። ግርጌውን ማን ያነባል!

ኤሌክትሮዱስ? ኤሌክትሮዱ ምንም አላጠፋም። የሚያየው ነጻውን ፍሎራይድ ብቻ ነው፤ ያየውንም በትክክል ነገረኝ። የታሰረውን እንዲያይ ከተፈለገ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቲሳብ የሚባል ቅልቅል በናሙናው ላይ እኩል በእኩል የሚጨመረው። ቲሳብ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ጨው አለ፣ የአዮኖቹ ብዛት በናሙናውና በስታንዳርዱ አንድ እንዲሆን፤ የአሲቴት በፈር አለ፣ ፒኤቹ አምስት ተኩል አካባቢ እንዲቆም፤ ሦስተኛው ሲዲቲኤ የሚባል አሉሚኒየምን በጥርሱ የሚይዝ ነገር ነው። በዚያ ወቅት ሲዲቲኤ አልነበረንም። ታዟል፣ አልመጣም፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የምታውቁት ነው። እኔም «ሁለቱ አሉ፤ ሦስተኛው ለቆሻሻ ውሃ ነው የሚያስፈልገው፤ ይሄ ንጹሕ ውሃ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ወንጀሉ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ ለመምህራን የምነግረው የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሲዲቲኤ የሌለው በፈር ጉድለቱ መፍታት አለመቻሉ ብቻ አይደለም። ውሃው በመንደሯ በርሜል ውስጥ ፒኤቹ ሰባት ተኩል ቢሆን ኖሮ አሉሚኒየሙን በአብዛኛው የሚይዘው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ፍሎራይዱ ነጻ ይሆናል። እኔ በፈሩን ጨምሬ ወደ አምስት ተኩል ሳወርደው ሃይድሮክሳይዱ ይለቃል፣ ፍሎራይዱ ይገባል። ማለትም ኮምፕሌክሱን በቢከሬ ውስጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያው በፈር እንዳላየው ይጋርደኛል። ለካሁት ስል የለካሁት የራሴን ሥራ ነው።

በዚያው ከሰዓት ሙከራ አደረግን። በተጣራ ውሃ 1.9 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለው ስታንዳርድ ሠራሁ፤ ከእኔው ጎደሎ በፈር ጋር ቀላቀልኩት፤ ኤሌክትሮዱ 1.9 አለ። ከዚያ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም የሚሆን አሉሚኒየም ጨመርኩ። ሚሊቮልቱ ወደ ላይ ሸሸ፣ ስምንት ያህል። 1.4። ጋሼ ምንም አላሉም። ስሌቱን እዚያው በወረቀት ሠራሁት፦ ግማሽ ሚሊግራም አሉሚኒየም በሊትር አሥራ ስምንት ተኩል ማይክሮሞል ነው፤ የጠፋው ግማሽ ሚሊግራም ፍሎራይድ ሃያ ስድስት ማይክሮሞል ነው። ለአንድ አሉሚኒየም አንድ ተኩል ገደማ ፍሎራይድ። ብሮሴትና ኦሪንግ የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ሲዲቲኤ ከሌለ ሲትሬት ይሠራል። ሲትሪክ አሲድ ደግሞ ምግብ ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ያን ዕለት ያመመኝ ይሄ ነው፤ መፍትሔው በከተማው ውስጥ ይሸጥ ነበር። ሲትሬት ያለበት በፈር ሠርተን፣ የመንደሯን ናሙና ጨምረን፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ለካን። 1.9።

አሉሚኒየሙንስ? ይሄ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። ላቦራቶሪያችን አሉሚኒየም የሚለካው ኤሪዮክሮም ሲያኒን በሚባል ቀለም ነበር። ቀድሞ የጻፍነው ሪፖርት አሉሚኒየሙ ከ0.1 አይበልጥም ይላል። ያም ቀለም አሉሚኒየሙን ለመያዝ ከፍሎራይድ ጋር መሻማት አለበት፤ ፍሎራይድ ካለ ያሳንሳል። ስለዚህ ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙን ደበቀው፤ አሉሚኒየሙ ፍሎራይዱን ደበቀው፤ ሁለቱም ሪፖርት ላይ ዝቅ ብለው፣ ተስማምተው፣ ንጹሕ ውሃ መስለው ተቀመጡ። ናሙናውን አይሲፒ ወዳለበት ቦታ ላክን። አይሲፒ ሁሉንም በአርጎን ፕላዝማ ውስጥ በሺህ በሚቆጠር ዲግሪ ያቃጥላል፤ ማን ከማን ጋር እንደነበረ አይጠይቅም፤ አጠቃላዩን ብቻ ይቆጥራል። ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ብሎ መለሰ።

እንግዲህ አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ንጽጽር እዚህ ጋ ይመጣል። ዘዴዎቹን «የትኛው ይበልጣል» ብሎ መደርደር እኔ አልወድም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የተለየ ጥያቄ ነው። አይሲፒ «ምን ያህል አሉሚኒየም አለ?» ይላል፤ በምን መልክ እንደሆነ አያውቅም። ኤሌክትሮዱ ያለ ምንም ጭማሪ ውሃው ውስጥ ቢነከር «አሁን፣ በዚህ ፒኤች፣ ምን ያህል ነጻ ፍሎራይድ አለ?» የሚለውን ይመልሳል፤ ከሲትሬት ወይም ከሲዲቲኤ ጋር ሲሆን ደግሞ ጠቅላላውን። እንዲያውም በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ዋጋ ያለው መረጃ ነው፤ የታሰረው ምን ያህል እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ነው። አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ቢከር፣ ለድሃ አገር ላቦራቶሪ ከዚህ የረከሰ የኮምፕሌክስ ጥናት የለም። ተማሪዎቻችን ለምን ይሄንን በላብ እንደማይሠሩት አይገባኝም።

ዊላርድና ዊንተር በ1933 እ.ኤ.አ. ያወጡት የማጣራት ዘዴም አለ። ናሙናውን ከአሲድ ጋር አፍልቶ ፍሎራይዱን በተን አድርጎ ማውጣት ነው። አሉሚኒየሙ ኋላ ይቀራል። አስተማማኝ ነው፤ ግን አንድ ናሙና ግማሽ ቀን ይበላል፤ ትኩስ ሰልፈሪክ አሲድ አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ የወጣትነት ሥራ ነው።

አዮን ክሮማቶግራፊ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ካርቦኔት ያለበት አሻጋሪ ፈሳሽ ፒኤቹ አሥር አካባቢ ነው፤ አሉሚኒየሙን ወደ ሃይድሮክሳይድ ይወስደውና ፍሎራይዱን ያስለቅቃል፤ ይሄ ጥሩ ነው። ፍሎራይድ ግን ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚወጣው፤ ውሃው ራሱ ከሚሠራው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከአሲቴትና ከፎርሜት ጋር ተጠጋግቶ። ለትንሽ መጠን ያን ያህል አይመችም። ኮምፕሌክሶቹን እየለዩ ማየት የፈለጉ ሰዎች የካታዮን ኮለም ተጠቅመው አንድ ፍሎራይድ የያዘውን አሉሚኒየም ሁለት ከያዘው ለይተው ያወጣሉ፤ በኮለሙ ውስጥ ሲያልፍ ሚዛኑ እንዳይናጋ ግን ጥድፊያ ነው።

በስማቸው የሚያምሩት የኤንኤምአር ዘዴዎች ናቸው። ፍሎራይን 19 እና አሉሚኒየም 27 ሁለቱም በተፈጥሮ መቶ በመቶ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በፍሎራይን ኤንኤምአር አንድ የያዘው፣ ሁለት የያዘው፣ ሦስት የያዘው እያንዳንዱ የየራሱ መስመር ይዞ ይታያል፤ ሳትፈታው፣ ሳታሻማው፣ ሳታቃጥለው በዓይንህ እንዳየኸው ነው። ሌላ ዘዴ ይሄንን አይሰጥም። ችግሩ የመንደሯ ውሃ ቀጭን ነው። 1.9 ሚሊግራም ማለት በሊትር አንድ አሥረኛ ሚሊሞል ነው፤ ያም በሦስት በአራት መልክ ተከፋፍሏል። መሣሪያው ሰዓታት መሰብሰብ አለበት። «አወፍረን እንለካው» ስትል ደግሞ ስታወፍረው ሚዛኑ ይቀየራል፤ የምታየው የሌላ ውሃ ሥዕል ይሆናል። ስለዚህ ኤንኤምአር ኮንስታንቶቹ ትክክል መሆናቸውን ለማረጋገጥ ነው እንጂ መንደር ለመፈተሽ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ብዙ ወጣቶች በኮምፒውተር ያሰሉታል። ፍሪክሲ፣ ቪዥዋል ሚንቴክ፤ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ጠቅላላውን አሉሚኒየም፣ ጠቅላላውን ፍሎራይድ፣ ፒኤቹን ትሰጠዋለህ፣ ማን ከማን ጋር እንዳለ በሰከንድ ይነግርሃል። እኔም ያንን ናሙና ከዓመታት በኋላ አስልቼዋለሁ፤ ፒኤች 6.5 ላይ አሉሚኒየሙ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፍሎራይድ ጋር ነው፤ 7.5 ላይ ከሞላ ጎደል ምንም። ድንቅ ነው። ግን በ1998 ብሰጠው ኖሮ የምሰጠው 1.4 እና 0.1ን ነበር። እሱም በአክብሮት ተቀብሎ ውሸቴን በአምስት አሃዝ ይመልስልኝ ነበር።

አሁን ወደ መንደሯ ልመለስ፤ ለዚህ ነው የቆምኩት።

የተስተካከለውን ሪፖርት በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። አለቃዬም «ልዩነቱ ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ ሰባት ተኩል ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው» አለኝ። ስሌቱ ልክ ነው። ከሰባት ተኩል ወደ 1.9 መውረድ ትልቅ ነገር ነው። ግን በዚያ በር ላይ የተጻፈው 1.9 አይደለም። ትንንሽ ልጆች ያላቸው እናቶች ከጎረቤት ቀበሌ፣ ፍሎራይዱ ዝቅ ካለ ምንጭ በአህያ የሚያመጡትን ውሃ ያቆሙት በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው። ይሄንን ያወቅሁት እዚያ ከሄድኩ በኋላ ነው።

እማማ በማጣሪያው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገርኳቸው። በፈር፣ ሲዲቲኤ አላልኩም። «የመለኪያዬ ዓይን ግማሹን አላየም ነበር» አልኩ። ዝም አሉ። ከዚያ «ለልጆቹ ይበቃል አልክ፤ አሁን አይበቃም እያልክ ነው?» አሉኝ። «ለትልቅ ሰው ከበፊቱ በጣም ይሻላል፤ ጥርሳቸው ገና ለሚወጣ ልጆች ግን የምንጩን ብትቀጥሉ ይሻላል» አልኩ። «ስንት ወር ነው?» አሉኝ። ሰባት ወር ነበር። እሳቸው የጠየቁት ስንት ወር እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እኔ እንድናገረው ነው። ተናገርኩት። ሴትየዋ ተነሥተው ልጅ ጠርተው ጠመኔ አስመጡ፤ በበሩ ላይ ያለውን በእጃቸው አጠፉት። «አሁን የምትለውን ራስህ ጻፈው» አሉኝ። ጻፍኩት።

ከዚያ የተደረገው የቴክኒክ ሥራ ብዙም አያስደንቅም። አሉሙን ዝም ብሎ መጨመር ፍሎራይዱን ይቀንሳል፤ ውሃውን ግን ያሰድደዋል፤ የሟሟው ኮምፕሌክስ ይበዛል። ኖራውን ብታበዛ አሉሚኒየሙ ይቀንሳል፤ ድፍድፉ ግን ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። በሁለቱ መካከል ጠባብ መንገድ ነው ያለው። መጠኑን አስተካክለን፣ የሚዘቅጥበትን ጊዜ አራዝመን፣ ከታች የአሸዋ ማጣሪያ ጨምረን 1.6 ደረስን። ከዚያ በታች አልወረደልንም። በሩ ላይ 1.6 ተጻፈ።

በዚያው ዓመት በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ላይ ከእኛው ከአራት ኪሎ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አሉሙን በርሜል ውስጥ ከመበተን ይልቅ አስቀድሞ ወደ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ለውጦ ፍሎራይድ ስለ መያዝ የተሠራ ጥናት ወጣ። ሳነበው ቅናትም ደስታም ተሰማኝ። ጠጣሩን አስቀድመህ ከሠራኸው የሚሟሟው አሉሚኒየም እንደዚያ አይጫወትብህም። ሌሎች ደግሞ በአጥንት ከሰል ሞከሩ፤ የስዊዘርላንዱ ኢያዋግ ከአገራችን ሰዎች ጋር በስምጥ ሸለቆ የሠራበት ነው። በኋላ መንደሯ ከደጋ የተሳበ የቧንቧ ውሃ አገኘች፤ ማጣሪያው ተዘጋ። በሩ አሁንም አለ ይላሉ።

ልጨርስ ነው። ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው በዚህ ፖስታ ውስጥ ያለው አንድ ገጽ ነው፦ የሲትሬቱ በፈር አሠራር፣ የሁለቱ ቢከር ሙከራ፣ ስታንዳርድ ላይ አሉሚኒየም ጨምሮ የመፈተሻው ደንብ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሰጣለሁ፤ ለሦስተኛ ዓመት ላብ ቢገባ አንድ ከሰዓት ነው የሚፈጀው። ሁለተኛው ልመና ነው። ከእናንተ መካከል በውሃ ሥራ ውስጥ ያላችሁ፣ በአሉም የተጣራ ውሃ የድሮ የፍሎራይድ ሪፖርት በፋይላችሁ ካለ፣ «በፈር» የሚለውን መስመር እዩት። ሲዲቲኤ ወይም ሲትሬት ካልተጻፈ፣ ቁጥሩ ከ1.5 በጥቂቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ በተለይ፣ ናሙናውን እንደገና አስቀዱ። ላቦራቶሪ ለሌለው እኔ ዘንድ ይምጣ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ኤሌክትሮዱ ግን አልወጣም።

ጥያቄ ካላችሁ በሻይ ሰዓት። ሻይ ቅጠል ራሱ አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ከአፈር የሚሰበስብ ተክል ነው፤ ብርጭቋችሁ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ሎሚ ያለበትን የሚመርጥ ሰው ካለ፣ ሲትሬቱን ራሱ ጨምሯል ማለት ነው።